የደነገጠ ሁሉ አላዘነም

ድንጋጤና ኀዘን ከሩቅ ለሚያያቸው መንትዮች ይመስላሉ። ሁለቱም ፊትን ያገረጣሉ፤ ሁለቱም እጅን በአፍ ላይ ያስጭናሉ። ቀርቦ ለሚመረምራቸው ግን ዝምድናቸው የሩቅ ነው። ድንጋጤ ሳይጠሩት ይመጣል፤ ሳይሰናበትም ይሄዳል፤ ከሰውየውም የሚጠይቀው ነገር የለም። ኀዘን ግን አንድ ጊዜ ከገባ ሥራ ማዘዝ ይጀምራል፤ ተነሥ፣ ድንኳን ትከል፣ ሬሳ ተሸከም፣ የሟችን ልጅ አብላ፣ ያየኸውንም ሄደህ መስክር ይላል። ስለዚህ መደንገጥ ለማንም ቀላል ነው፤ ማዘን ግን ዋጋ ያስከፍላል። ወጣት አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ጽሑፍ የምከራከርበት ነገር ይህ ነው፤ ዘመናችን ርካሹን ድንጋጤ በውዱ በኀዘን ስም እየሸጠልን ነው፤ ይህም ንግድ ከሁሉ ይልቅ የደራው ማታ ማታ በየቤታችን በሚታየው የወንጀል ድራማ ነው።

ወደዚህ ሐሳብ ያደረሰኝ አንድ ትንሽ ነገር ስለ ሆነ እርሱን አስቀድሜ ልንገርህ። መርካቶ ውስጥ ሸማ ተራ የሚባለውን ስፍራ ታውቀው ይሆናል። ጣሊያን አገራችንን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ይዞ በነበረበት ጊዜ የአገሬውን ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ አንሥቶ ወደዚያ ካዛወረው ወዲህ፣ መርካቶ እየሰፋ ሄዶ እያንዳንዱ ሸቀጥ የራሱን ተራ ይዟል። በሸማ ተራ ነጠላው፣ ጋቢው፣ ኩታውና ባለጥለቱ ቀሚስ ከሱቅ ደጃፍ ተሰቅሎ ይውላል። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ፣ ገዢ በሳሳበት ሰዓት፣ የአንድ ሱቅ ልጅ የእጅ ስልኩን ይዞ ደጃፍ ላይ ቆመ፤ አምስት ስድስት ጓደኞቹም ከበቡት። የሚያዩት ከአንድ የውጭ አገር የወንጀል ድራማ እየተቆረጠ የተቀጣጠለ ምስል ነበር። የድራማው እጅግ አስደንጋጭ ጊዜያት ብቻ ተለቅመው፣ የብዙ ወራት ታሪክ በዐሥር ደቂቃ ተጨምቋል። ጥይት፣ ስለት፣ ደም፤ አንዱ ወደቀ ሲባል ሁለተኛው ይወድቃል። ልጆቹ በእያንዳንዱ «ወይኔ!» ይላሉ፤ «ወይኔ» ብለው ሳይጨርሱም ይሥቃሉ።

ከዚያው ደጃፍ ላይ ፈትል የሚሸጡ አንዲት አሮጊት ተቀምጠው ነበር። ልጁ፣ «እማማ፣ ይችን ብቻ ይዩልኝ፤ ይችኛዋ ከሁሉም ትብሳለች» ብሎ ስልኩን ወደ እርሳቸው አዞረ። የሚታየው አንድ ጎልማሳ በገዛ ወንድሙ እጅ ሲገደል ነው። እርሳቸውም እስኪያልቅ ዝም ብለው ተመለከቱና፣

«እናታቸውስ?» አሉ።

ልጁ ግራ ገብቶት፣ «የማን እናት?» አለ።

«የገዳይም የሟችም ናት እኮ ልጄ። በአንድ ቀን ሁለቱንም ያጣችው። እርሷ ምን ሆነች?»

«እማማ፣ እርሷ እኮ የለችበትም።»

«እንግዲያማ ምኑን አሳየኸኝ?» አሉና ወደ ፈትላቸው ተመለሱ። ልጆቹ ሣቁ። እኔም ጋቢ ልገዛ የቆምኩ ሰውዬ አብሬ ሣቅሁ፤ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ያ ሣቅ እንደ አጥንት ጉሮሮዬ ውስጥ ተሰነቀረ።

የልጁ መልስ የዘመኑ የወንጀል ድራማ ሁሉ መልስ ነው። እናት የለችበትም። ሰው ሲገደል የምናየው ከስለቱ መመዘዝ እስከ ሰውየው መውደቅ ያለውን ነው፤ ይህም ቢበዛ አንድ ደቂቃ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን የምናውቀው በሕይወታችን እንጂ በድራማው አይደለም። የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ገና ጎሕ ሳይቀድ መንደሩን ሲዞር፣ ጎረቤት ነጠላውን አዘቅዝቆ ሲወጣ፣ ሚስት የባሏን ጫማ ከአልጋ ሥር ስታገኝ፣ ልጅ «አባቴ መቼ ይመጣል?» ሲል፣ የቤት ኪራይ ቀን ሲደርስ፣ ሙት ዓመት ሲወጣ፣ የገዳይ ቤተ ሰብ ከሰፈሩ አፍሮ ሲሰደድ፤ የግድያ ዋና ታሪኩ ይህ ነው። ስለት የገባበት ቅጽበት የዚህ ሁሉ በር ብቻ ነው። ድራማው ግን በሩን በሺሕ ዓይነት እያስጌጠ ያሳየናል፤ ወደ ቤቱ አያስገባንም።

በሸማ ተራ ቋንቋ ልናገር። ጥለት ዐይን ይስባል፤ ሸማ ገዢም መጀመሪያ የሚያየው ጥለቱን ነው። ነገር ግን ብልኅ ገዢ ነጠላውን ዘርግቶ ወደ ብርሃን ያነሣዋል፤ ድሩና ማጉ መጥበቁን፣ ፈትሉ መቅጠኑን ይመረምራል፤ ሰውን የሚያለብሰው ነጩ ሸማ እንጂ ጥለቱ አይደለምና። ጥለት ብቻ የሆነ ሸማ ማንም አይሸምንም። ዛሬ ግን ጥለት ብቻ የሆነ ታሪክ ይሸመናል፤ ይባስ ብሎም እኛው ራሳችን ደኅናውን ሸማ ሳይቀር ቀድደን ጥለቱን ብቻ በስልካችን ይዘን እንዞራለን።

ይህ በአገራችን እንዴት እንደ ደረሰ ተመልከት። ቴሌቪዥን ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1957 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ሣጥኑ በጥቂት ባለጠጎች ቤት ብቻ ይገኝ ነበር። ዘመን አልፎ ዘመን ሲተካ በየቤቱ ገባ፤ ተከታታይ ድራማም የማታ እንግዳችን ሆነ። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለዓመታት ታይቶ በ2006 ዓ.ም. የተፈጸመውን «ሰው ለሰው» የተባለውን ድራማ ያላየ ወይም ያልሰማ የከተማ ሰው ጥቂት ነው። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ቃና ቴሌቪዥን ተከፍቶ የቱርክና የሌሎች አገሮች ተከታታይ ድራማዎች በአማርኛ ድምፅ ወደ ቤታችን ገቡ። አሁን ደግሞ ስልክ ያለው ወጣት ሁሉ የዓለምን የወንጀል ድራማ በኪሱ ይዞ ይሄዳል።

«ሰው ለሰው» ላይ ጥቂት እንቁም። ርእሱን ልብ በል። አባቶቻችን ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ይላሉ፤ ርእሱም ይህንኑ ያስታውሳል። በድራማው ውስጥ አስናቀ የሚባል፣ አቶ አበበ ባልቻ ግሩም አድርገው የተጫወቱት፣ ሀብቱንና ክብሩን በስውር ወንጀል ላይ የገነባ ሰው አለ። አሁን የዚያን ጊዜ ተመልካች ጠይቀህ ተረዳ። የአስናቀን አነጋገር፣ አለባበሱን፣ ዛቻውን በቃሉ ያስታውስልሃል። በአስናቀ የተበደሉትን ሰዎች ስም ጥራ ብትለው ግን ብዙው ይንተባተባል። እንግዲህ ርእሱ «ሰው ለሰው» ሆኖ ሳለ እኛ ይዘን የቀረነው ሰው በሰው ላይ ያደረገውን ነው። ጥፋቱ የተዋናዩ አይደለም፤ ተዋናይ ክፉን ሰው ክፉ አድርጎ ማሳየቱ ሙያው ነው። ጥፋቱ የደራሲው ብቻ ነው ለማለትም አልደፍርም። ጥፋቱ በአብዛኛው የእኛ ነው፤ ከሚያስደነግጠን ጋር ተወዳጅተን ከሚያሳዝነን ስለ ተለያየን።

አንዳንዱ «ድራማ ያለ ግድያና ያለ ደም አይሆንም፤ ከጥንትም እንዲሁ ነው» ይላል። ከጥንትም እንዲሁ አልነበረም። የጥንት ግሪኮች በቴያትራቸው ከሁሉ የከፋውን ወንጀል ይተርኩ ነበር፤ እናት ልጆቿን ስትገድል፣ ልጅ ሳያውቅ አባቱን ገድሎ እናቱን ሲያገባ። ዳሩ ግን ግድያው በአብዛኛው ከተመልካች ዐይን ተሰውሮ ከመድረኩ በስተጀርባ ይፈጸም ነበር። ወደ ሕዝቡ ፊት የሚመጣው ያየውን የሚናገር መልእክተኛ ነው፤ ሕዝቡም የሚያየው ደሙን ሳይሆን ወሬው የደረሰበትን ሰው ፊት ነው።

ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሱትን የሼክስፒርን «ማክቤዝ» አንብብ። ንጉሥ ደንከን በተኛበት ሲታረድ ስለቱን አናይም፤ የምናየው እጁ በደም ርሶ ከክፍሉ የሚወጣውን ገዳይ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ የዚያች ሌሊት ዕዳ ነው። ገዳዩ ሰላማዊ እንቅልፍ ያጣል፤ ሚስቱም በእንቅልፍ ልቧ እየተራመደች የሌለ ደም ከእጇ ላይ ታጥባለች። የሩሲያው ደራሲ ዶስቶየቭስኪ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1866 ባወጣው «ወንጀልና ቅጣት» በተባለው መጽሐፍም ግድያው የሚፈጸመው ከስድስቱ ክፍሎች በመጀመሪያው ነው። የቀሩት አምስቱ ክፍሎች ሁሉ ኅሊና ሰውየውን እንዴት እንዳሳደደው ይናገራሉ። እነዚህ ደራስያን ደም ፈሪዎች አልነበሩም። የወንጀል አስፈሪነቱ ከምቱ ይልቅ ከምቱ በኋላ እንደ ሆነ ስላወቁ ነው።

የዘመኑ ድራማ ግን ይህን ሚዛን ገለበጠው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ተከታታይ ድራማ ተመልካቹን እስከሚመጣው ቀን አስሮ ማቆየት አለበት፤ ስለዚህ በክፍሉ መጨረሻ መሣሪያ ይመዘዛል፣ ሙዚቃው ይጮኻል፣ «ይቀጥላል» ይባልና ይቋረጣል። በሚቀጥለውም ክፍል ሰውየው ይሞታል፤ ለማልቀስ ግን ጊዜ የለም፤ ሌላ የሚመዘዝ መሣሪያ ይጠበቃልና። ድንጋጤ ደግሞ እንደ በርበሬ ነው፤ ምላስ ሲለምደው መጠኑ ካልጨመረ አይሰማም። መጀመሪያ አንድ ሰው መሞቱ ይበቃ ነበር፤ ቀጥሎ ሦስት፤ ቀጥሎ ሕፃን፤ ቀጥሎ ነፍሰ ጡር። በመጨረሻም ተመልካቹ ሰው ሲወድቅ አይቶ «ይህስ ምንም አይል» ይላል። ይህን ቃል የተናገረ አፍ ምን ያህል እንደ ራቀ አስተውል።

ክርክሬን የሚቃወሙትን ሰምቼአለሁ፤ በየተራ ልመልስላቸው።

የመጀመሪያው፣ «ድራማ እኮ ነው፤ ማንም አልሞተም» ይላል። እውነት ነው፤ ተዋናዩ ቀዩን ቀለም ታጥቦ እራቱን ሊበላ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ነገር ግን ተዋናዩ ይጫወታል እንጂ የተመልካቹ ልብ አይጫወትም፤ የእርሱ ልምምድ የእውነት ነው። በየማታው የሚለማመደው ምንድን ነው? ሰው ሲወድቅ አይቶ የሚቀጥለውን መጠበቅ ነው። ይህን ልምምድ ለዓመታት የሠራ ልብ፣ አንድ ቀን በመንገድ ላይ እውነተኛ ሰው ሲወድቅ የተማረውን ቢያደርግ ምን ያስገርማል?

ሁለተኛው፣ «ወንጀለኛው በመጨረሻ ስለሚቀጣ ያስተምራል» ይላል። ወንጀለኛው በመቶ ማታ ባማረ ልብስና በውድ መኪና ሲንፈላሰስ ይታያል፤ ብልኅ ቃል የሚናገረው እርሱ ነው፤ ሁሉ የሚፈራውም እርሱን ነው። በአንዲት በመጨረሻዋ ማታ ይወድቃል። ልጅ ከመቶው ማታ ይማራል ወይስ ከአንዲቱ? ደግሞም ያች የመጨረሻ ማታ ራሷ ሌላ አስደንጋጭ ትዕይንት ሆና ትሸጣለች እንጂ የፍርድ ትምህርት ሆና አትቀርብም።

ሦስተኛው ነጋዴው ነው፤ «ካላስደነገጠ ማን ያየዋል? ገዢ የፈለገውን ነው ያቀረብኩ» ይላል። ይህን ክርክር በገበያ እናውቀዋለን። ሰው ሠራሽ ክር ቀላቅሎ «ንጹሕ ጥጥ ነው» ብሎ የሚሸጥም ገዢ ርካሽ ስለ ፈለገ ነው ይላል። ገዢ መፈለጉ የሻጭን ማታለል ቅን አያደርገውም። ነገር ግን ገዢም ነጻ አይደለም፤ ዘርግቶ ሳያይ የገዛ ነውና።

በዚህ ሁሉ ድራማ ይታገድ፣ መቀስ ይመለስ ማለቴ እንዳይመስልህ። የሳንሱርን መቀስ በንጉሡም በደርግም ዘመን አይተነዋል፤ ያ መቀስ ከስለቱ ይልቅ እውነቱን ይቆርጥ ነበር። እኔ የምለው ይጨመር ነው እንጂ ይቀነስ አይደለም። እናትየዋ ትጨመር።

ሌላውን ስወቅስ ራሴን ደብቄ መገኘት ስለማይገባኝ፣ አሁን የራሴን ጉድ እናገራለሁ። ከብዙ ዓመታት በፊት በዚያው በመርካቶ፣ ሱቆች ሊዘጉ ሲሉ፣ ኩሊ የምንለው አንድ ወጣት ተሸካሚ የሰው አደራ ዕቃ ተሸክሞ ሲያልፍ ሁለት ሰዎች አስቆሙት። ሸክሙን አለቅም አለ። አንደኛው በጩቤ ክንዱን ወጋው፤ ሸክሙንም ነጥቀው ሄዱ። ከወጋው ሰው ጋር ዐይን ለዐይን ተያይተናል፤ ፊቱንም ዛሬ ድረስ አውቀዋለሁ። በዙሪያዬ የነበሩ የሱቅ በሮች በአንድ ጊዜ ሲዘጉ ድምፃቸውን ሰማሁ። እኔም ሄድኩ። በማግስቱ ፖሊስ እየዞረ ሲጠይቅ፣ «ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር፤ አላየሁም» አልኩ።

በዚያች ማታ ቤቴ ገብቼ ከቤተ ሰቤ ጋር ድራማ አየሁ። አንድ ደግ ሰው ተገደለ፤ የተዋናዩ ሸሚዝ በቀይ ቀለም ሲርስ ዐይኔ እንባ አቀረረ፤ እንቅልፍም እንቢ አለኝ። ልጆቼ «አባታችን እንዴት ያለ ሩኅሩኅ ነው» ብለው ሳይሆን አይቀርም። ስለ ተሸካሚው ሸሚዝ ግን አንዲት ጠብታ አላፈሰስኩም።

ወጣቱ አልሞተም። ቀኝ እጁ ግን አልታዘዝ አለችው፤ ለተሸካሚ ቀኝ እጅ ምን እንደ ሆነች አንተ ገምት። የወጉትም ሰዎች ምስክር ስለ ጠፋ ሳይያዙ ቀሩ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ በዚያ መንገድ ሳልፍ ከአንድ ሱቅ ጥግ ተቀምጦ አየው ነበር። ሁልጊዜ በግራ እጁ ሰላም እያለ፣ «ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?» ይለኝ ነበር። በድራማ ካየሁት አስደንጋጭ ጊዜ ሁሉ እንደዚህች ሰላምታ ያስደነገጠኝ የለም። ማንም ግን ቆርጦ በስልክ አይልካትም፤ ደም የለባትምና።

ይህን የምነግርህ ድራማ ወንጀለኛ አደረገኝ ለማለት አይደለም። ፈሪ ያደረገኝ ፍርሃቴ ነው። ድራማው ያደረገልኝ ነገር ግን ከዚህ የማያንስ ነው፤ ፈሪ ሆኜ ሳለሁ ሩኅሩኅ የሆንኩ መስሎኝ እንድተኛ አደረገኝ። እንባዬን በማያስከፍለው ቦታ አፍስሼ፣ በሚያስከፍለው ቦታ ደርቄ ቀረሁ። ርካሹን በውዱ ስም መሸጥ ያልኩህ ይህን ነው።

ወደ ሸማ ተራ እንመለስ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በዚያ ስፍራ ከባድ የእሳት አደጋ ተነሥቶ ብዙ ሱቆችን አወደመ። ነበልባሉ በእጅ ስልክ ተቀርጾ በዚያው ሌሊት ባሕር ተሻግሮ ታየ፤ ያየ ሁሉ ደነገጠ። የሰው ንብረት ለማዳን ከእሳቱ ጋር የታገሉም ነበሩ፤ እነርሱ ስልክ የሚያነሡበት እጅ አልተረፋቸውም። ነበልባሉ ሲጠፋ የብዙዎቻችን ድንጋጤ አብሮት ጠፋ። ነገር ግን በሸማ ንግድ ብዙ ጊዜ ሸማኔው የሸመነውን ለነጋዴ በዱቤ ያስረክባል፤ ነጋዴውም ሸጦ ይከፍለዋል። የነጋዴው ሱቅ ሲነድ ሽሮ ሜዳ ወይም ጉለሌ ከመሸመኛው ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠው ሸማኔ፣ ፈታይዋም ጭምር፣ እሳት ሳይነካቸው ይቃጠላሉ። ይህ መቃጠል ብርሃን የለውም፤ ስለዚህም አይቀረጽም። የጨው ገደል ሲናድ ብልኅ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባል የለም? እኛ ደግሞ የምንልሰውን ለጓደኛ የምንልክ ሆነናል።

አባቶቻችን ድንጋጤን ወደ ሥራ የሚለውጡበት ሥርዓት ነበራቸው። ጩኸት ሲሰማ «ምን ተፈጠረ?» ብሎ መውጣት ግዴታ እንጂ ወሬኛነት አልነበረም፤ ኡኡታ ሰምቶ በሩን የዘጋ ሰው በሰፈሩ ፊት ያፍር ነበር። በገጠርም አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ የሚባል ነበር። ወንጀል ሲፈጸምና ወንጀለኛው ሳይታወቅ ሲቀር ያገሩ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ያወቀውን እንዲያወጣ ይጠየቅ ነበር፤ ካልተገኘም ዕዳው በሕዝቡ ላይ ይወድቅ ነበር። ይህ ሥርዓት እንከን ነበረበት፤ ንጹሑን በጥርጣሬ ያስጠቁም፣ ድኻውንም ከእርሻው ያውል ነበር። እንዲመለስ አልመኝም። ነገር ግን በውስጡ አንድ ታላቅ እውነት ነበር፤ የአንድ ሰው ደም የሁሉ ጥያቄ ነው፤ ነግ በእኔ ያላለ ጎረቤት ጎረቤት አይደለም።

ይህ እውነት ከዛሬው ሕጋችንም አልጠፋም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 575 ሕይወቱ በከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው፣ በራሱም ሆነ በሌላ ላይ አደጋ ሳያስከትል ሊረዳው እየቻለ ትቶት የሄደን ጥፋተኛ ያደርገዋል። ምስክርነት እንደሚያስፈራ እኔ ካንተ የበለጠ አውቃለሁ፤ ሕጉም ይህን ፍርሃት አውቆ በ2003 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 699 በከባድ ወንጀሎች ለሚመሰክሩና ለሚጠቁሙ ሰዎች ጥበቃ ደንግጓል። ሕግ ግን የጎደለንን ልብ ሊሰፋልን አይችልም። ያን የምናሳድገው ወይም የምናኮስሰው እኛው ነን፤ ማታ በቴሌቪዥን ፊት፣ ቀን በገበያ መካከል።

እንግዲህ ምን ላድርግ ብትለኝ፣ ሦስት ነገር እነግርሃለሁ፤ ሦስቱም ገንዘብ አያስወጡህም። መጀመሪያ፣ የወንጀል ድራማ ስታይ ሰዓትህን ተመልከት። ለገዳዩ ስንት ደቂቃ፣ ለሟቹ ቤተ ሰብ ስንት ደቂቃ ተሰጠ? ለኋለኞቹም የሚገባቸውን የሚሰጥ ድራማ ካገኘህ አመስግነህ እይ፤ ለጓደኛህም ንገር፤ ሠሪዎቹ የሚበረቱት በዚህ ነውና። ሁለተኛ፣ የሰው ሞት የተቆረጠበትን ምስል፣ የተዋናይም ይሁን ይልቁንም የእውነተኛ ሰው፣ ለማንም አትላክ። ያ ሰው ወንድምህ ቢሆን ኖሮ ምስሉ በሱቅ ደጃፍ እየታየ እንዲሣቅበት ትፈቅድ ነበርን? ሦስተኛውና ዋናው፣ ጩኸት ስትሰማ ውጣ። ብቻህን መቋቋም ባትችል ሌላውን ጥራ፤ ያም ባይሆን ያየኸውን አትካድ። እኔ የካድኳት አንዲት ቃል ስንት ዓመት እንደ ተከተለችኝ አንብበሃል።

ስልክህን ወደ ሸማ ተራዋ አሮጊት ባዞርክ ጊዜ የሚጠይቁህን አሁን ታውቃለህ። ስለዚህ እርሳቸው ሳይጠይቁህ አንተ ራስህን ጠይቅ፤ «እናቲቱስ?» በል። ድራማው «እርሷ የለችበትም» ብሎ ቢመልስልህ ሣጥኑን ዝጋና ነጠላህን አጣፋ፤ በመንደርህ እርሷ ያለችበት ቤት አይጠፋምና ወደዚያ ሂድ።